የ«ትንፋሽ» ሽፋን

ብራዮኒ ለአያቷ ለዊልፍ የነገረቻቸው የባንዱ ኮት እንደሚያስፈልጋት ነበር፤ እሳቸው የገባቸው ግን ራሳቸው እንደሚያስፈልጓት ነው።

ሐሙስ ወደ ማታ ደውላ፣ «አያቴ፣ ለኮሌጅ የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን እየሠራሁ ነው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በባንዱ ክፍል ፎቶ አነሳለሁ፤ ቀዩን ኮትና ኮርኔቱን...» ከማለቷ፣ ዊልፍ «ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ። አራት ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። የስልክ ወሬ አይወዱም፤ ስልክ ለእሳቸው የሞትና የልምምድ ሰዓት መንገሪያ ብቻ ነው። ብራዮኒ ደግሞ መልሳ ደውላ ነገሩን የምታፍታታ ልጅ አይደለችም። ኮቱን በክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ሲገቡ በዓይነ ኅሊናዋ አየችና ጉዳዩን በዚያው ተወችው።

ቅዳሜ ዊልፍ ኮቱን ለብሰውት መጡ። እስከ አንገታቸው ድረስ ቆልፈውታል። ጢማቸውን አጥብቀው ከመላጨታቸው የተነሳ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ጥቁር ጫማቸው ፊት ያሳያል፤ ብብታቸው ሥር የያዙት ኮርኔት፣ ያቺ አጭር ጡሩምባቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲወለወል የከረመ ይመስላል። የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ስድሳ ሁለቱን ዓመት በሃይክሮፍት ማርሽ ባንድ ውስጥ ሲነፉ አሳልፈውታል። ባንዱን ያቋቋመው የጥጥ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ባንዱ ግን የፋብሪካውን ስም ይዞ ቀርቷል።

«እሺ፣ የት ልቁም?» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ናዚያ ነበረች። ናዚያ የብራዮኒ የልብ ጓደኛ ናት፤ ብራዮኒ በሳምንት የምትናገረውን እሷ በአንድ ጠዋት ትጨርሰዋለች። ለሽፋኑ የምትነሳው እሷ ስለነበረች ከማለዳ ጀምራ ፀጉሯን ስትተኩስ፣ ዓይኗን ስትኳል ቆይታ፣ አሁን በነጩ ጨርቅ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዊልፍን አየቻቸው። ብራዮኒን አየቻት። ቅንድቧን ሰቀለች።

ብራዮኒ አፏን ከፈተች። «እኔ የፈለግሁት ኮቱን ነው» የምትለዋ አጭር ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዊልፍ ግን ከኪሳቸው ትንሽ ማበጠሪያ አውጥተው የቀረቻቸውን ፀጉር ወደ ጎን ያስተኙ ጀመር።

«እዚህ፣ አያቴ» አለች፤ «በርጩማው ላይ።»

ናዚያ ወዲያው ተነሳችላቸው።

«ፈገግ ልበል ወይስ ልንፋ?»

«ይንፉ።»

«ምን ልንፋ?»

«ደስ ያለዎትን። ድምፁ ፎቶው ላይ አይገባም።»

«እሱስ ይሻላል» አሉ ዊልፍ። «ጥርሴን ካስነቀልኩ ወዲህ ድምፄ ባይገባ ነው የምመርጠው።»

ሠላሳ ያህል ጊዜ አነሳቻቸው። ሲበቃ ናዚያ ጓደኛዋን ከጭንቅ ለማውጣት፣ «አባባ ዊልፍ፣ እኔስ በዚያ ኮት አልነሳም? ቀይ እኮ ያምርብኛል» አለች።

«ከእኔ በላይ ያምርብሻል» ብለው አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ከዚያም ኮርኔቱን ሰጧትና አያያዙን ሲያሳዩዋት ጊዜያቸውን ወሰዱ። ግራ እጅ መሣሪያውን ያቅፋል። ቀኝ እጅ ሦስቱ ቁልፎች ላይ ያርፋል። ጣት ቀለስ ይላል እንጂ አይገተርም። «እንቁላል እንደያዘ ሰው» አሉ። «ቶሎ የሚሰበር እንቁላል። እንደሱ። አየሽ፣ አሁን ሰው መሰልሽ።» ናዚያ አንድ ጊዜ ብትነፋ የታነቀ በግ የመሰለ ድምፅ ወጣና ሦስቱም ሳቁ። ዊልፍ በሸሚዛቸው ሆነው ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ሲገቡ ብራዮኒ መጀመሪያ ያሰበችውን ፎቶ አነሳች።

ሲለያዩ ዊልፍ በሩ ላይ ቆም አሉ። «መቼ ነው የምታስረክቢው?»

«ከጰራቅሊጦስ አርብ በኋላ ያለው ሰኞ።»

«ጥሩ ነው። ለዴሪክ ነግሬዋለሁ።»

ለዴሪክ መንገር ለመንደሩ መንገር ነው። ዴሪክ የባንዱ ትልቅ ከበሮ መቺ ሲሆን አፉም ከከበሮው አያንስም። ዊልፍ ሽፋን ላይ ሊወጡ ነው ማለት ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እንደማይወጡ የሚያውቁት ደግሞ ብራዮኒና ናዚያ ብቻ ናቸው።

የኮሌጅ መምህሯ የሚስ ኦግደን ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሙዚቃ መጽሔት ሽፋኖች ተለጥፈውበታል። ሚስ ኦግደን ትምህርቷን በመስከረም የጀመረችው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ እስከ ግንቦትም ከዚያች ጥያቄ አልወጣችም፦ «ይህን ማን ከመደርደሪያ ያነሳዋል?» የራሷ ሕጎችም ነበሯት። መደርደሪያ ላይ መጽሔት በመጽሔት ላይ ስለሚደረብ የሚታየው የግራው ሲሶ ብቻ ነው፤ ያላችሁን ሁሉ እዚያ አስቀምጡ። አንባቢውን ዓይን ለዓይን የማያይ ፊት አይሸጥም። ከሦስት ቀለም በላይ የተጠቀመ ሰው የሚለው የጠፋበት ሰው ነው።

ብራዮኒ በዚያ ክፍል እጇን አውጥታ አታውቅም። ደብተሯ ላይ ግን አታፍርም። አንድ ጊዜ አራት ጥቁር የለበሱ ወጣቶች ስለቆሙበት ሽፋን ስትጽፍ፣ «በቀኝ በኩል አንድ ሰው የሚያቆም ክፍት ቦታ ተትቷል። ገዢው የባንዱ አምስተኛ አባል የሆነ እንዲመስለው ነው» ብላ ነበር። ሚስ ኦግደን ይህን ስም ሳትጠራ ለክፍሉ አነበበችው። ብራዮኒ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው ግን በእግሯ ነበር፣ አውቶቡሱ ቶሎ አድርሶ ደስታዋን እንዳያሳጥርባት።

የእሷ መጽሔት «ትንፋሽ» ይባላል። በማርሽ ባንድ ውስጥ ለሚጫወቱ ወጣቶች ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሔት የትም አላየችምና ራሷ ፈጠረችው። አንባቢውን መፍጠርም የሥራው አንድ ክፍል ስለሆነ አንዲት ልጅ ፈጠረች። ስሟን ፖፒ አለቻት። ፖፒ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጥፍሯን ጥቁር ትቀባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማ መደብር ትሠራለች። ሰው ዓይን ውስጥ መግባት ትወዳለች። በቦርሳዋ ውስጥ ምን አለ ለሚለው ጥያቄ ብራዮኒ «የጆሮ ማዳመጫ፣ የከንፈር ቀለም፣ የአውቶቡስ ካርድ» ብላ ጽፋለች።

ሁለቱ ሽፋኖች፣ የዊልፍና የናዚያ፣ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን በታዩ ቀን ከኋላ አንዱ ልጅ፣ «ሽማግሌው ያሉበት የጡረተኞች ማኅበር ጋዜጣ ነው እንዴ?» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ናዚያ ዞራ፣ «የአንተንም አይተነዋል» አለችው። «እናትህ እንኳን አዝናልህ ነው የምትገዛው።»

ሚስ ኦግደን አልሳቀችም። የዊልፍን ፎቶ ረዘም አድርጋ አየችው። «ደስ የሚሉ ሰው ናቸው። ፊታቸው ይነበባል። ግን ብራዮኒ፣ ፖፒ ታነሳዋለች?»

ብራዮኒ ራሷን ነቀነቀች። አታነሳውም።

«ያኛው ሽፋን ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ልጅቷ የግራውን ሲሶ ይዛዋለች። ርዕሶችሽን የት ልታስቀምጪ ነው?»

ብራዮኒ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገችና ፎቶውን ገለበጠችው። ናዚያ ወደ ቀኝ ዞረች፤ ግራው ባዶ ሆነ፤ «ትንፋሽ» የሚለው ስምና ርዕሶቹ ልክ እንደተለኩ ገቡ። ቀይ ኮት፣ ነጭ ጀርባ፣ ወርቃማ ኮርኔት፤ ሦስት ቀለም። ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ያያሉ።

«አሁን!» አለች ሚስ ኦግደን። «የቀረሽ የአሥር አንባቢ አስተያየት ብቻ ነው። ከእውነተኛ አንባቢ፣ ከጓደኛ አይደለም።»

ብራዮኒ በሽፋኑ ደስ አላት። ያን ምሽት ግን እናቷ ሳህን እያጠበች፣ «አያትሽ ፍሬም ገዝተዋል» አለቻት። «እንጨት ነው፤ ጥሩ ነው። ለመጽሔት ይበቃል ወይ ብለው እዚሁ ድረስ ይዘውት መጡ። ምን ልበላቸው?»

«ይበቃል በያቸው» አለች ብራዮኒ። እራቷን ግን አልጨረሰችም።

ረቡዕ ልትነግራቸው ቤታቸው ሄደች። ዊልፍ የኮርኔቱን መንፊያ አፍ በሙቅ ውሃ እያጠቡ፣ «ዴሪክ በቅናት ሊሞት ነው» አሏት። «አርባ ዓመት ከበሮ መትቶ አንድ ሰው ፎቶ አላነሳውም። ከበሮው ይከልለዋላ።» ሻይ ጠጡ፤ ብስኩት በሉ፤ ስለ አየሩ አወሩ። ብራዮኒ የሄደችበትን ጉዳይ እንደያዘች ተመለሰች።

የጰራቅሊጦስ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ የሃይክሮፍት ባንድ በአውቶቡስ ተጭኖ ወጣ። በየዓመቱ በዚያ ቀን መቶ ያህል ባንድ እየተወዳደረ ከመንደር ወደ መንደር ይዞራል፤ በየመንደሩ እየነፋ መንገዱን ይወርዳል፤ ከዚያ ሜዳው ላይ ቆሞ አንድ ማርሽ ለዳኛው ያሰማል፤ ወዲያው ወደ አውቶቡሱ ሮጦ ወደሚቀጥለው ይበራል። ዳኛው መጋረጃው በተዘጋ ተጎታች ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማን እንደሚነፋ አያይም፤ እንዳያይም ነው መጋረጃው የተዘጋው።

ብራዮኒና ናዚያ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሁለቱ ሽፋኖች በላስቲክ ማህደር ውስጥ ብራዮኒ ጭን ላይ ናቸው፤ የናዚያው ከላይ፣ የዊልፍ ከታች።

ዴሪክ ከፊት ሆኖ፣ «የሽፋኑ ኮከብ ሆይ!» እያለ ይጮሃል። «ጥቁር መነጽርህን የት ጣልከው? ሰው አውቆ እንዳያስቸግርህ!»

«ከአንተ አጠገብ ስቀመጥ ማንም አያየኝም» አሉ ዊልፍ። «ሰውነትህ ይበቃል።»

«ፎቶ እንዳታነሱት በናታችሁ፣ ውል ፈርሞ ነው የሚነሳው!» አለ ዴሪክ።

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ናዚያ የብራዮኒን ክርን ጎሸም አድርጋ፣ «ዛሬ ካልነገርሻቸው እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለች።

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ? ሲቀበሩ?»

ዶብክሮስ የተባለው መንደር ሲደርሱ ከፊታቸው ስድስት ባንድ ተሰልፎ ነበር። መጠበቅ ነው። ሰው የድንጋዩን አጥር ተደግፎ ቺፕስ ይበላል፤ የተረጨበት ኮምጣጤ ይሸታል። ከኋላቸው የተሰለፈው የወጣቶች ባንድ ነበር፤ አረንጓዴ ኮት የለበሱ አራት ልጃገረዶች መሣሪያቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ብራዮኒ ስትፈልጋቸው የነበሩት እነዚህ ናቸው። ሦስት ጊዜ ተራመደችና ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በመጨረሻ ናዚያ ከኋላ ገፋ አደረገቻት።

«አንዴ ላስቸግራችሁ? ለኮሌጅ ነው። አንድ ሽፋን አይታችሁ ጥቂት ጥያቄ...»

«አምጪው» አለች ረጅሟ። ቺፕሷን ለጓደኛዋ አስይዛ ጣቷን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ወረቀቱን ተቀበለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ዓይንሽ መጀመሪያ ያረፈው የት ላይ ነው?» የሚል ነበር። ብራዮኒ ጠይቃ አልጨረሰችም።

«ልጅቷ ግራኝ ናት እንዴ?»

«ማ?»

«ይቺ። ኧረ ኮርኔቱ ራሱ ግራኝ ነው! እናንተ፣ ኑ እዩ፣ ግራኝ ኮርኔት!»

ሌላዋ ነጠቀቻት። «ወይኔ! ቁልፎቹ በዚያ በኩል ናቸው! ፋብሪካው ሰክሮ ነው የሠራው?»

«ኮቱም የሴት ሆኗል፤ አዝራሩን እዪው፣ በግራ ነው!»

«እንዴ! እንዴ!» ናዚያ መሃል ገባች። «እኔ በትክክል ነው የያዝኩት! ቁልፎቹን በቀኜ ነው የያዝኩት! እንቁላል እንደያዘ ሰው! ብራይ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ብራዮኒ አሁን አየችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ፎቶ ስታየው ከርማለች፤ ዓይኑን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን ቁመት፣ ባዶውን ሲሶ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኮርኔት ሲነፋ እያየች ያደገች ልጅ ናት። ፎቶውን ስትገለብጠው እጁም አብሮ እንደሚገለበጥ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም። ሚስ ኦግደንም አላየችው፤ ክፍሉም አላየው፤ እዚያ የሚነፋ ሰው አልነበረማ። እነዚህ ግን ፊቱን ከማየታቸው በፊት እጁን አዩ። የናዚያን የተኳለ ዓይን እስካሁን ያየው የለም።

ሳቁ ወደ ፊት ተዛመተና ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሃይክሮፍት ሰልፍ ውስጥ ገባ። ዊልፍ «ምንድን ነው የሚያስቀው?» እያሉ መጡ፤ አንዱ አቀበላቸው።

መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ብራዮኒ አጥሩን ተደገፈች።

«የኔ ኮት ነው» አሉ ዊልፍ። ወረቀቱን አቀረቡት። ዓይናቸውን እጇ ላይ ተከሉ። ከዚያ፣ «እጇን ማነው የገለበጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳየኋትም።»

«አውቃለሁ፣ አያቴ።»

«ሰው አይቶ እኔ ያስተማርኳት ይመስለዋል እኮ!»

ብራዮኒ ከዚህ በኋላ የሚቀር ነገር እንደሌለ ታያት። «አያቴ» አለች፣ «ሽፋኑ ላይ እርስዎ የሉበትም።»

«አያለሁ። ዓይኔ ገና አልጠፋም።»

«ያን ቀንም የፈለግሁት ኮቱን ብቻ ነበር። መናገሩን አፍሬ ነው።»

ዊልፍ መነጽራቸውን አወለቁ። «አውቄያለሁ» አሉ።

«መቼ?»

«በሩን ከፍቼ ስገባ። ፀጉሯን የተተኮሰች ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሳያት። ለአንድ ሽማግሌ ፎቶ ማን ፀጉር ይተኮሳል?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ዊልፍ ወደ ጫማቸው ጫፍ እያዩ፣ «እኔም አፍሬ ነዋ» አሉ። «ማበጠሪያ ሁሉ አውጥቼ! ለዴሪክ ደግሞ በዋዜማው አርብ ነግሬው ነበር። እንዴት ብዬ ልመልሰው? እዚህ ባንድ ውስጥ መኖር አለብኝ።»

«ፍሬሙስ?»

«ፍሬሙ አንቺ ለምትሠሪው ነው። ማንም ይግባበት።»

አያትና የልጅ ልጅ ተያዩና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዓይናቸውን ወደ ሌላ መለሱ፤ ቤተሰባቸው ያለው ልማድ ነው። ብራዮኒ ግን ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ።

ረጅሟ ልጅ በዚህ መሃል ከማህደሩ ሁለተኛውን ሽፋን መዝዛ ነበር። «እኚህ እርስዎ አይደሉም? ይሄ እጅ ልክ ነው። አንደኛና ሁለተኛውን ቁልፍ ተጭነዋል።» ድምፁን በአፏ አዜመችው። ጓደኛዋም ተቀብላ አብራ አዜመች። ከፎቶው ላይ ድምፅ እያነበቡ ነበር።

ብራዮኒ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ሱቅ ውስጥ ብታዪው ታነሺዋለሽ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? አላነሳውም። አያቴን በየቀኑ ቤት አየዋለሁ፣ በነፃ።»

ከሁሉ በላይ የሳቁት ዊልፍ ናቸው።

«ቦርሳሽ ውስጥ ምን አለ?» አለች ብራዮኒ።

«አሁን?» ልጅቷ ቦርሳዋን ከፍታ አሳየቻት። የኮርኔት ቁልፍ ዘይት። የከንፈር ቅባት። ለተበጠሰ አዝራር መርፌ ቁልፍ። በብር ወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ የሥጋ ፓይ። ለተላጠ ተረከዝ ፕላስተር። ብራዮኒ አንድ በአንድ ጻፈችው። የፈጠረቻት ፖፒ ጥቁር ጥፍሯን ይዛ ወደ መጣችበት ሄደች።

ዊልፍን ግን የተገለበጠው እጅ ከነከናቸው። «ናዚያ፣ ነይ እስቲ» አሉ። «እነዚህ ልጆች ሳያዩ አልሄድም። እንዴት እንዳሳየሁሽ ያዢው።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«ከወረቀቱ የባሰ ምን ይመጣል?»

ናዚያ ኮርኔቱን ተቀበለች። ጣቷ ረስቶ ኖሮ ተገተረ። ዊልፍ ጎንበስ ብለው በሻካራ እጃቸው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት። ናዚያ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ጣቷን ብቻ ታያለች፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ተጠግተው ቆመዋል፤ በግራ በኩል የምሽት ፀሐይ የመታው የድንጋይ አጥር ብቻ ነው። ብራዮኒ ካሜራዋን አነሳች። ማንም ዓይን ለዓይን አያይም። ቀለሙም ከሦስት በላይ ነው። የዊልፍ ፊት ግማሹ ብቻ ይታያል። አራት ጊዜ አነሳች። እጆቹ የወጡበትን አሳየቻቸው፤ አረንጓዴ ኮት የለበሱት ልጆች በካሜራው ትንሽ መስታወት ላይ ተደፉ።

ረጅሟ ቀረብ ብላ አየችና፣ «ይሄ የት ነው የሚሸጠው?» አለች።

«ሃይክሮፍት!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ተራቸው ደርሷል። ዊልፍ ኮርኔታቸውን ከናዚያ ተቀብለው ወደ ሰልፋቸው ሮጡ፤ ዴሪክ ከበሮውን መታ፤ ባንዱ እየነፋ መንገዱን ወረደ። ብራዮኒ በአጥሩ ጥግ እየተራመደች ተከተለቻቸው። ተጎታች ቤቱ ጋ ሲደርሱ ከተዘጋው መጋረጃ ጀርባ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ማርሹ ተጀመረ። ዘጠነኛ ወጡ። ዊልፍ ዘጠነኛነት ለጥርሳቸው ሁኔታ ጥሩ ነው አሉ።

ሰኞ ብራዮኒ አዲሱን ሽፋን አስረከበች። ሚስ ኦግደን ሰሌዳው ላይ አድርጋ ራቅ ብላ አየችው። «የግራው ሲሶ ጥሩ ነው» አለች። «ግን ማንም ወደ አንባቢው አያይም።»

«አንባቢዋ መጀመሪያ የምታየው እጅ ነው፣ ሚስ» አለች ብራዮኒ። ጮክ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ከኋላ ያለው ልጅ ዞር ብሎ አያት። «ፊት ቆይቶ ነው የሚመጣው። እጁ ልክ ካልሆነ ፊቱን አታየውም።» ከዚያም የተገለበጠውን ሽፋን፣ በየመንደሩ የሰበሰበችውን የአሥር ሰው መልስና በቦርሳው ውስጥ የነበሩትን ዕቃዎች ዝርዝር አከለችበት።

ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ አገኘች።

ዊልፍ ሽፋኑን በፍሬሙ አስገብተው በባንዱ ክፍል፣ ከትልቁ የሻይ ማፍያ በላይ ሰቀሉት። ዴሪክ ከሥሩ ቆሞ፣ «ግማሽ ፊትህ ብቻ ነው እኮ የወጣው» አለ።

«ግማሹ ይበቃል» አሉ ዊልፍ። «ሙሉውንማ ማን ይችለዋል።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ናዚያ ኮርኔት ልትማር ወደ ባንዱ የጀማሪዎች ልምምድ መጣች፤ ብራዮኒም ፎቶ ልታነሳ አብራት ገባች።